ቢጫው ግራሶ

ግላሻ ጨርቁ ቢጫ መሆኑን ያየችው የመጨረሻው ቡሎን ከጠበቀ በኋላ ነው።

እጇን የጠረገችበት ጨርቅ ጥቁር መሆን ነበረበት። ለፍሪሲዮን ጥርሶች የሚቀባው ግራሶ እንደ ጥላሸት የጠቆረ ነው፤ ጣት ከነካ ሁለት ቀን አይለቅም። የእሷ ጣቶች ግን ንጹሕ ነበሩ ማለት ይቻላል። ቀና ብላ የጋራዡን መደርደሪያ አየች። አያቷ ጥቁሩንና ቢጫውን ግራሶ የሚያስቀምጡት በሁለት ባዶ የሳርዲን ቆርቆሮዎች ነው፤ በሁለቱም ላይ ያው ሰማያዊ ዓሣ ተስሏል። ክፍት የነበረው የግራው ቆርቆሮ ነው። ቢጫው።

«አለቀልኝ» አለች በልቧ።

አያቷ ዬፊም እያፏጩ መፍቻዎቹን ይለቅማሉ። እዚሁ ኢርቢት ከተማ፣ ሞተርሳይክል ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ወገባቸው አይታጠፍም፣ ዓይናቸውም ቅርብ ያለውን አያይም። ስለዚህ ሰሞኑን ባለ ጎን ጋሪዋን ሞተር ፈትተው ሲገጥሙ ጥቃቅኑን ሥራ የሠራችው የአሥራ አራት ዓመቷ ግላሻ ነበረች።

ነገ ንጋት ላይ ለሣር አጨዳ ወደ አያቷ ወንድም መንደር ይሄዳሉ፤ ዘጠና ኪሎ ሜትር። ግላሻ ለዚህ ጉዞ ሦስት ዓመት ለምናለች። እናቷ ኢና እሺ ያለችው ትናንት ነው፣ እሱንም በግድ። «እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ያ ብረት ተገጥሞ፣ ተነስቶ በዓይኔ ካላየሁ የትም አትሄጂም። አያትሽ በአውቶቡስ ይሄዳል» ብላለች። ስልክ በጮኸ ቁጥር መጀመሪያ «ማን ሞተ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ይህን ያህል መፍቀዷም ተአምር ነው።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ካምቢዮውን እንደገና አውርዶ፣ አጽድቶ መግጠም ደግሞ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

ጨርቁን ኪሷ ከተተችው። መልሳ አወጣችው።

«አያቴ።»

«አቤት፣ ዋና መሐንዲሴ!»

«ጥርሶቹን ቢጫውን ነው የቀባኋቸው።»

ፉጨቱ ቆመ። አያቷ ጨርቁን ተቀብለው አሸተቱትና ሳቁ።

«እና ምን ይሁን? አባቴ ይሄንኑ እየቀባ ዕድሜውን ሙሉ ነድቷል። በደንብ አብዝተሻል?»

«በጣም።»

«ጎሽ! ገንፎዬ ቅቤ በዛበት ብሎ ያማረረ ሰው አይቼ አላውቅም።»

ኢርቢት ውስጥ ይህን የማይል ሽማግሌ የለም። ለበር ማጠፊያ ቢሆን፣ ለብስክሌት ቢሆን፣ ለበረዶ መንሸራተቻ ቢሆን ያው ቢጫ ግራሶ ነው፤ እሱም በማንኪያ።

ግላሻ መፍቻውን በእጇ አገላበጠች። እዚህ ላይ ዝም ብትል ነገር ያልቅ ነበር። ተናግራለች፤ አያቷም ምንም አይደለም ብለዋል። ነገር ግን ማክሰኞ ዕለት ካምቢዮውን ሲያወርዱ ያየችው ከዓይኗ አልጠፋም። አሮጌዎቹ የፍሪሲዮን ዲስኮች በቅባት ረጥበው እንደ መስተዋት ያበሩ ነበር። ሞተሩ ዳገት እምቢ ያለውም ለዚያ ነው።

«አያቴ፣ ያኔ አሮጌዎቹን ዲስኮች የገጠመው ማን ነበር?»

አያቷ አፍንጫቸውን አሹ። «እኔ።»

«በምን ቀባሃቸው?»

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ልትሆኚ ነው እንዴ?»

«የገንፎው ተረት ለኋላው ዘንግ ልክ ነው፤ እሱ ተሸፍኖ ነው የሚዞረው። ይሄኛው ግን አጠገቡ ደረቅ ዲስክ አለ። ቢጫው ሲግል ይቀልጥና እዚያ ላይ ይረጫል። ከአዲሶቹ ዲስኮች ጋር በመጣው ወረቀት ላይ አለ።»

«ወረቀት!» አሉ አያቷ፤ ወረቀት አንብበው አያውቁም። «ብንፈታው ግን ሦስት ሰዓት ያልፋል። እናትሽን ታውቂያታለሽ።»

«አውቃታለሁ።»

ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን ቡሎን አላላች።

ካምቢዮው ከሞተሩ ሲላቀቅ፣ ጥርስ ያለው ዘንጉ ሲገባ የገፋው ቢጫ ቅባት ዲስኩ መሐል ላይ እንደ ክሬም ተቆልሎ ተገኘ። አንድ ጣት ያህል ቢቀጥል ደረቁን የዲስኩን ጠርዝ ይነካ ነበር። አያቷ መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ኧረ ገንፎ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

እናቷ ልክ በሦስት ሰዓት ገባች። በፎጣ የተጠቀለለ፣ ጎመን የተሞላ ትኩስ ዳቦ ይዛለች። ካምቢዮው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ አየች።

«አውቄው ነበር! ገና ጠዋት ግራ ዓይኔ ሲርገበገብ አውቄው ነበር።»

«ኢንዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እኔ ነኝ…» ጀመሩ አያቷ።

«አይደለም» አለች ግላሻ። «ግራሶ ተሳስቼ የቀባሁት እኔ ነኝ። ተገጥሞ አልቆ ነበር፣ እማዬ። ያስፈታሁትም እኔው ነኝ።»

«ባታስፈቺውስ?»

«ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። ምናልባት ደግሞ ዳገት መሐል፣ እንጨት የጫነ መኪና ከኋላችን እየመጣ፣ ሞተሩ ይጮህና ጎማው አልሄድም ይላል።»

እናቷ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች። ለዚህ ጉዞ ስለ ዝናብ አስባለች፤ ስለ ድብ፣ ስለ ሰካራም ሾፌር፣ ስለ ፈረሰ ድልድይ አስባለች።

«ይሄን እንኳ አላሰብኩትም ነበር» አለች፣ እንደመቆጨት ብሏት። ከዚያ ዳቦውን አስቀምጣ የእጅ ባትሪውን አነሳች። «ትክክለኛው የቱ ነው?»

ግላሻ ጥርሶቹን በቤንዚን አጥባ፣ ጥቁሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ቀባች፤ የተረፈውን ደግሞ በጨርቅ አነሳች። እናቷ ባትሪውን አስጠግታ ከላይዋ ቆማለች።

«እዚህኛው ላይ ወፍሯል።»

«እማዬ፣ ፀጉር አያክልም እኮ!»

«ጥረጊው አልኩ። ያኛውንም። ከእሱ ቀጥሎ ያለውንም።»

«ይቺን ፋብሪካችን ቢቀጥራት ኖሮ» አሉ አያቷ ዳቦ እያላመጡ፣ «እስከ ዛሬ አንድም ሞተር ከግቢ አይወጣም ነበር።»

«ዝም በል፣ አባዬ። አንተ በማንኪያ የምትቀባ ሰው!»

ገጥመው ሲጨርሱ አራት ሰዓት ተኩል አልፏል፤ የሰሜን በጋ ነውና ሰማዩ ግን ገና አልጨለመም። ሞተሩ በሦስተኛው ርግጫ ተነሳ። አያቷ በግቢው ወደ ፊት ነዷት፣ አዙረው አመጧት፤ አልተንሸራተተችም። እናቷ ሰዓቷን አየች።

«ሦስት ሰዓት ብዬ ነበር።»

«አዎ» አለች ግላሻ። አልለመነችም። መፍቻዎቹን ጠርጋ በየሚስማራቸው ሰቀለች፣ መብራቱን አጠፋች።

እናቷ የጋራዡን በር ስባ ግማሽ ላይ አቆመችው። በክፍተቱ ጎን ጋሪውን አየች።

«የዝናብ ልብስሽ የታለ?»

«ቤት ነው።»

«ቤት ምን ይሠራል? ነገ ዝናቡ እንደሆነ አይቀርም። ሹራብም ጨምሪ። ሁለት።»

ግላሻ ግቢውን በሩጫ አቋረጠች። ስትመለስ እናቷ ልብሶቹን ተቀብላ ራሷ አጣጠፈቻቸው፤ ጋሪው ውስጥ ከመቀመጫው ሥር ወሸቀቻቸው፤ አውጥታ እንደገና አጣጠፈቻቸው። ከዚያ በሩን ገጥማ ቆለፈችው፤ መቆለፉንም ሦስት ጊዜ ነቅንቃ አየች።