ማምሻውን ብቻውን የሚሄደው መብራት

መንፈስ ምናምን ሲባል የምስቅ ሰው ነበርኩ፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሥራዬ ኤሌክትሪክ ነው፣ መብራት ሲያስቸግር ሽቦ እፈትሻለሁ እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጥርም፣ አሁንም ቢሆን አምናለሁ አላልኩም፣ ያየሁትን ግን አይቻለሁ።

ሶዶን ስማርት ሲቲ እናደርጋለን ተብሎ አዳዲስ የመንገድ መብራቶች ተተክለው ነበር፣ ጥገናቸው የእኔ ሥራ ነው፣ ሰው ከሌለ ደብዘዝ ብለው ይቆያሉ፣ ሰው ከሥራቸው ሲያልፍ ሴንሰሩ ያየውና ቦግ ይላሉ። አንድ ቀን ወደ ዳሞታ ተራራ በሚወጣው መንገድ ዳር የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር፣ ጋሽ ዳልኬ፣ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ መብራታችሁ ማምሻውን ብቻውን ይሄዳል።»

«እንዴት ይሄዳል ጋሼ?»

«መጥተህ እየው።»

ሄድኩ፣ ፀሐይ ገና መጥለቋ ነው፣ ከተራራው ጉም ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ጋሽ ዳልኬና ባለቤታቸው እማማ አስቴር በራቸው ላይ ካለው ከመጨረሻው ምሰሶ ሥር ቆመው ጠበቁኝ፣ የእማማ ዓይን ማየት ካቆመ ቆይቷል። ሰላምታችንን ሳንጨርስ ከታች፣ ከመታጠፊያው፣ አንዱ መብራት ቦግ አለ፣ ከዚያ ደበዘዘና ቀጣዩ በራ፣ ከዚያ ቀጣዩ፣ ልክ አንድ ሰው ቀስ እያለ ወደ እኛ የሚወጣ ይመስል።

ድመት ነው ብዬ ወረድኩ፣ ደግሞም ለማወቅ ጓጉቻለሁ፣ አልዋሽም። ከበራው መብራት ሥር ስደርስ ምንም የለም፣ ግን እመኑኝ፣ ኮብልስቶኑ ላይ እርምጃ ይሰማል፣ አንደኛው እግር ይጎተታል፣ ድምፁ በአጠገቤ አለፈና የላዩ መብራት በራ። ተከትዬው ተመለስኩ። እኛ ከቆምንበት ምሰሶ ሲደርስ ጸጥ አለ፣ ያ መብራት ደግሞ በእኛ ምክንያት አስቀድሞ በርቷል፣ እናም ያ ነገር ይሂድ፣ ከመሃላችን ይቁም፣ መለየት አልቻልኩም።

«ታምራት ነው» አሉ እማማ፣ «ኳስ ሲጫወት እግሩ ከተሰበረ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚራመደው።»

ታምራት ልጃቸው ነው፣ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ ከጠፋ ሰንብቷል።

ጋሽ ዳልኬ ክንዴን ያዙኝ። «አጥፋልኝ ይሄን መብራት! ልጄ በሕይወት አለ፣ በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ አይመጣም።»

«አታጥፋ፣ ታ ናአው» አሉኝ እማማ፣ በወላይትኛ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ጨለማ ውስጥ ልትተወው ነው?»

መብራቶቹን የምቆጣጠርበትን ታብሌት ይዣለሁ፣ ማንኛቸውን እሺ ልበል? «የሴንሰር ችግር ነው፣ ነገ እቀይረዋለሁ» ብዬ ወደ ግቢ አስገባኋቸውና በሩን ዘጋሁ። መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ መብራቱ ወዲያው መደብዘዝ ነበረበት፣ አልደበዘዘም፣ በአጥሩ ስንጥቅ ብርሃኑ ፊታችን ላይ ይወድቃል፣ ቆየን፣ አሁንም በርቷል።

እማማ አስቴር አጥሩን እየዳሰሱ ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ግባ» አሉ፣ በቀስታ።

መብራቱ ደበዘዘ።

ጋሽ ዳልኬ ክንዴን አልለቀቁም፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «አንተ ባለሙያ ነህ፣ ንገረኝ» አሉኝ፣ «ሄደ ወይስ ገባ?»