ቀይ አፎቹ

ወዳጄ፣ እኔ ጂኒ አየሁ የሚል ሰው ሲያወራ አፌን በነጠላ ሸፍኜ የምስቅ ሴት ነበርኩ፣ ዛሬም ቢሆን ጂኒ አየሁ አልልህም፣ ያየሁት ወፍ ነው።

ጣልያን መተማን ይዞ በነበረበት ዘመን አርበኛው ታናሽ ወንድሜ ካሴ ጭኑን በጥይት ተመታ፣ ከድንበሩ ማዶ ገላባት ሐኪም አለ ቢሉኝ በአህያ ጭኜ፣ ላዩን የማሽላ አገዳ አልብሼ፣ አመሻሽ ላይ ይዤው ወጣሁ። «አርበኛ በአህያ! ሰው ቢያየኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?» ይለኛል፣ «ሰው ካየህማ ዓይንም አይተርፍህ» አልኩት፣ ሳቅን።

አህያዋ ላይ ሁለት ወፎች ነበሩ፣ እነዚያ መዥገር የሚለቅሙት ቀይ አፎች፣ ከብቱን ያጸዱለታል፣ ሰው ሲመጣም ቀድመው ይጮኹለታል፣ ቁስል ካገኙ ግን እየቆረቆሩ ደም ይጠጣሉ። ወፍ ሲመሽ ዛፉ ላይ ይሰፍር የለ? እነዚህ አልሄዱም።

ጨለማው ውስጥ ድንገት «ጭርርር!» ብለው ተነሡ፣ አህያዋን ጎትቼ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ፣ ወዲያው ለጣልያን ያደሩ ባንዶች የትንባሆአቸው ሽታ እስኪደርሰኝ ተጠግተው አለፉ። እሰይ የኔ ወፎች! አልኩ። ከዚያ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ዳበስ ባደርግ የካሴ ቁስል ላይ ሰፍረዋል፣ ያሰርኩለት ጨርቅም ተፈቷል። በነጠላዬ አሰርኩና አባረርኳቸው።

«ተያቸው እታለም፣ ባንዳ ሲመጣ ማን ይነግረናል?» አለኝ።

ትንሽ እንደሄድን ደግሞ ጮኹ፣ ተደበቅን፣ ጠበቅን፣ ማንም አልመጣም፣ ጠቅ ጠቁ ብቻ። አሁንም ጮኹ፣ አሁንም ማንም የለም። እመነኝ፣ መዋሸታቸው ገብቶኛል፣ ግን እውነት ቢሆንስ? በጮኹ ቁጥር ቆምኩ፣ በቆምኩ ቁጥር ነጠላው ይፈታል፣ ደሙ በአህያዋ ሆድ ይወርዳል።

ገላባት ስንደርስ ነግቷል፣ ወፎቹም የሉም። ነጠላውን ሁለት ጊዜ ቋጥሬ አሰርኩት። ሐኪሙ ካሴን ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ ውኃ ሊያመጣ ወጣ። ካሴ ፊቱ አመድ መስሎ እጄን ጨበጠኝ፣ «ጮኹ እኮ፣ ተደበቂ!» አለኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ ደግሞስ ሱዳን ገብተን ምን ባንዳ አለ? ግን እግሬ ቀደመኝ፣ ከበሩ ኋላ ተሸሸግኩ።

ስመለስ የወንድሜ ትንፋሽ ቆሟል። ነጠላዬ ተፈቶ አጠገቡ ወድቋል። ማን ፈታው? እስቲ አንተው ንገረኝ፣ ሐኪሙ እንደሆነ ገና ውኃውን ይዞ እየገባ ነበር።