የግራናይቱ ወዝ

አዳማ ላይ ደህና ኑሮ የያዘ ሰው ቤት ሲሠራ ሁለት ኩሽና ነው የሚሠራው። አንዱ ከጓሮ ነው፤ እዚያ ይቆላል፣ ይቁላላል፣ ይጨሳል። ሌላው ከሳሎኑ ቀጥሎ ነው፤ እዚያ ደግሞ ለወጉ ያህል እንኳ ውሃ አይፈላበትም። የወይንሸት የውስጥ ኩሽና እንዲሁ ነበር። ከመስኮቱ ሥር እንደ መደብ የተዘረጋው ጥቁር ግራናይት ግን እንደ አራስ ልጅ ይታጠባል፤ ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጠብ ታደርግና በለስላሳ ጨርቅ ታብሰዋለች፣ ከዚያ እርጥበቱ ጠባሳ እንዳይተውበት በደረቅ ጨርቅ ትወለውለዋለች። ሎሚ አይነካውም፣ አቼቶ አይነካውም፣ በረኪናማ በዚያ በኩልም አያልፍ። ባሏ ገዛኸኝ ድሬዳዋ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ሲደውል መጀመሪያ ስለ ትንሿ ልጃቸው ስለ ሶስና ይጠይቃል፣ ቀጥሎ ስለ ድንጋዩ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ወደ ልብስ ስፌት ቤቷ ከመሄዷ በፊት እንደ ልማዷ ስትወለውል፣ እጇ የመስኮቱ ጥግ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ሌላው ቦታ ያ የምትወደው ቅዝቃዜ አለው፤ ጥጉ ግን ሰው አሁን ተነስቶ የሄደበት ወንበር ይመስል ሞቅ ብሏል። ፀሐይ ይሆናል አለች። መስኮቱ ግን ወደ ምዕራብ ነው፤ የጠዋት ፀሐይ አይቶ አያውቅም።

ከዚያ ወዙ መጣ። በጥቁር ድንጋይ ላይ ጥቁር ነገር ቶሎ አይታይም፤ ጎንበስ ብላ በብርሃኑ አቅጣጫ ስታየው ነው ክብ ሆኖ፣ እርጥብ መስሎ የተገለጠላት። በሳሙና አበሰችው፤ አልለቀቀም። ብታሸተው ቅቤ ነው። የወጥ ቅቤ እንዳይመስላችሁ፤ አደስ የገባበት፣ ለራስ የሚቀባ፣ ሙቀት ሲነካው ጠረኑ ጉሮሮ ድረስ የሚገባ ቅቤ። እዚያ ቤት ደግሞ ራሱን ቅቤ የሚቀባ ሰው አልነበረም።

ወይንሸት «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ከሚሉት ወገን ናት፤ ጥርጣሬዋም ሩቅ አልሄደም። ሠራተኛዋ ስንዱ ከሁሩታ ከመጣች ጀምሮ ራሷን በጥቁር ሻሽ ጥብቅ አድርጋ እንዳሰረች ናት፤ ተኝታም አትፈታውም፤ ከሥሩ ቅቤ ቢኖር ማን ያያል? እንግዲህ ይህቺ ሴት እኔ ስወጣ ሙቀቱን ሽሽት ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ ጋደም ትላለች፣ ልጄ ደግሞ ብቻዋን ትንከራተታለች ማለት ነው! ድንጋዩ ቢቀር ይቅር፤ ያለችኝን አንዲት ልጅ ማን እጅ ላይ ጥዬ ነው የምሄደው አለች።

«ስንዱ፣ እዚህ ላይ የሚተኛው ማነው?»

«ድንጋይ ላይ? ኧረ እትዬ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እኔ እዚህ ክፍል ብቻዬን አልገባም።»

«ለምን አትገቢም?»

ስንዱ መሬት መሬት እያየች የሻሿን ቋጠሮ አጠበቀች። ይህ ወይንሸትን ይበልጥ አናደዳት።

ግራናይቱን ለገጠመላት ለዘሪሁን ደወለች። ሰውየው ነገሩን አቀለለው። «ቅባት ጠጥቶ ነው፣ እትዬ። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ እንደ ገንፎ ያላቁጡና ይለጥፉበት፤ በፕላስቲክ ሸፍነው ዳር ዳሩን በፕላስተር ያሽጉት። ሲደርቅ የገባበትን ሁሉ ስቦ ያወጣዋል። አንዴ ካልበቃው ይድገሙት።»

እንዳላት አደረገች። በማግስቱ ስትገልጠው ነጩ ልጥፍ ቢጫ ሆኖ ደርቋል፤ ከሥሩ የነበረው ክብ ወዝም ጠፍቷል። ደስ ሊላት ሲል ግን ከዚያ ዝቅ ብሎ ሌላ ወዝ አየች፤ ሰፋ ያለ፣ እንደ ትከሻ የተንጣለለ። በሱም ላይ ለጠፈችበት። ያ ሲወጣ ደግሞ ከሱ በታች ረዘም ያለው ብቅ አለ፤ እሱንም ከጫፍ እስከ ጫፍ በዓይኗ ስትለካው፣ በጎኑ ተኝቶ እግሩን የሰበሰበ ሰው ቁመት ሆነባት። የደረቀውን ልጥፍ ስትፈረፍር ደግሞ አንድ ረጅም ፀጉር ከመሃሉ ተስቦ ወጣ፤ ብትስበው፣ ብትስበው አያልቅም።

«ነይ እስቲ! ሻሽሽን ፍቺ!»

«እትዬ፣ በእናትዎ...»

«ፍቺ አልኩሽ!»

ስንዱ ቀስ ብላ ፈታችው። ራሷ ሙልጭ ተደርጎ የተላጨ ነበር። «ለእናቴ ሐዘን ነው የተላጨሁት። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ነው» አለችና ሻሹን መልሳ አሰረች። ወይንሸት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች! ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት፣ ስንዱ ልብሷን መሸከፍ ጀምራ ነበር። በሩ ላይ ደርሳ ዞር አለች። «እኔ እንኳ ድንጋዩን ነክቼውም አላውቅ። እርስዎም ባይጎረጉሩት ጥሩ ነበር።»

ወይንሸት ስፌት ቤቷን ዘግታ ከልጇ ጋር ቤት ዋለች። በር በሩን ቆለፈች፤ አሁን ማን እንደሚገባ አያለሁ አለች። የቀረውን ረጅም ወዝ ከዳር እስከ ዳር ለጥፋ ሸፈነችው፣ እየደረቀ ሲሄድም ከሳሎን ሆና ስታዳምጠው ዋለች፤ ልጥፉ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ረጭ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ ፕላስቲኩ ሿ ብሎ ከፍ ይልና ሿ ብሎ ይወርዳል። ነፋስ ነው ብላ መስኮቱን ልትዘጋ ሄደች። መስኮቱ ዝግ ነበር። የቅቤው ጠረን ግን ክፍሉን ሞልቶ ዓይኗን አስነባት፤ ወደ ሳሎን ተመለሰችና በሩን ገጠም አደረገችው።

በማግስቱ ሶስናን ቁርስ አብልታ፣ ፊቷን አጥባ፣ መኝታ ቤት ካሻንጉሊቷ ጋር አስቀመጠቻትና ጨርቋን ይዛ ገባች። ፕላስተሩ በአንድ ወገን ተላቋል። ፕላስቲኩ፣ ከእንቅልፉ የተነሳ ሰው እንደሚያጥፈው አንሶላ፣ ባንድ በኩል ታጥፎ ተቀምጧል። ልጥፉ ረግፎ ወለሉ ላይ ፈሷል፤ ነጭ ዱቄቱ እስከ በሩ ድረስ ተንጠባጥቧል። ይቺ ልጅ መጥታ ነክታው ይሆናል አለች፤ ሌላ ልታስብ አልፈለገችም። ጠረገችው፣ ለብ ባለው ውሃ አበሰችው፣ በደረቁ ወለወለችው። ጎንበስ ብላ በብርሃኑ አቅጣጫ አየችው። ወዝ የለም። ጉንጯን አስጠግታ አሸተተችው። ጠረን የለም። ጥጉም፣ መሃሉም፣ ዳሩም እኩል ቀዝቃዛ ነው፤ ውስጡ አንዳች ነገር የለም!

«እሰይ! እሰይ የኔ ድንጋይ!» አለች፤ ሳቋ አመለጣት። ለገዛኸኝ የምትነግረውን በሆዷ እያዘጋጀች «ሶስና! ነይ እማ፣ ነይ እይ!» ብላ ተጣራች።

ሶስና በእግር ጣቷ እየተራመደች መጣች። ጠዋት ተንጨባሮ የተወችው ፀጉሯ ሥር ሥሩን በቀጭን ተጎንጉኗል፣ ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ ላይ ይወርዳል፤ ጣቷንም ከንፈሯ ላይ አድርጋ «እሽሽ፣ እማዬ፣ ቀስ በይ፤ አልጋዬ ላይ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት» አለች።