አግዳሚው ላይ የቀረው ካፖርት

አቶ ገብረ መድኅን ውሃው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው የተገኙት ገና ጎሕ ሲቀድ ነበር። ያገኛቸው የጀልባ ቀዛፊው ሞልቱ ነው። ሞልቱ ሮጦ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ጓድ ደምሰውን ቀሰቀሰ፤ ጓድ ደምሰው ደግሞ የሻምበል አስረስን በር አንኳኳ።

ሻምበል አስረስ የወንጀል መርማሪ ይሁን እንጂ እዚህ የመጣው ለሥራ አልነበረም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶበት ሲንከራተት አለቆቹ «ትንሽ አየር ቀይር» ብለው የላኩት እንግዳ ነው። ሆቴሉ ከላፍቶ በታች፣ ወንዙ ተገድቦ የተኛበት ውሃ ዳር ነበር። ከመወረሱ በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማው መኪና ይግተለተልበት ነበር ይባላል። አሁን ግን ክረምት ነው፤ ሰዓት እላፊም አለ፤ ማን አምሮት ይዝናናል? የተያዙት ክፍሎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ የአስረስና የሟቹ። ሟቹ የቀድሞው የሆቴሉ ባለቤት ናቸው። ከተወረሱ በኋላም በየክረምቱ እየመጡ በገዛ ቤታቸው እንግዳ ሆነው ያርፉ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች ሰሞኑን በየጠረጴዛቸው ብቻቸውን ሲበሉ ሰነበቱ። ትናንት ማታም የልብስ ክፍል ኃላፊዋ እትዬ ፀሐይወርቅ፣ የነጠላዋ አረንጓዴ ጥለት ከጉልበቷ በታች እየተወዛወዘ፣ ካፖርታቸውን ለደረቡት ሽማግሌ ራሷ ሾርባ ስታቀርብ አስረስ ከማዶ ያይ ነበር። ከሽማግሌው ጋር አንገት ነቅንቀው ተሰነባበቱ፤ በቃ። አንድ ቀን እንኳ አብሯቸው አለመቀመጡ ዛሬ ቆጨው።

አስከሬኑ ላይ ቁስል አልነበረም። ጥፍሮቻቸው ግን ተሰብረዋል፤ በውስጣቸውም ወደ ውሃው በተዘረጋው የእንጨት መሻገሪያ ጠርዝ ላይ የበቀለው አረንጓዴ ሽበት ገብቷል።

«ጠርዙን ይዘው ነበር» አለ አስረስ።

«ጓድ ሻምበል፣ ነገሩ ግልጽ ነው» አለ ደምሰው። «ትናንት ከሞልቱ ጋር ሲጯጯሁ ሁላችንም ሰምተናል። ወደ ቀበሌ ሰው ልኬያለሁ። የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ይወስዱታል።»

አስረስ የሚሆነውን ያውቃል። በዚያ ዘመን እንዲህ የተወሰደ ሰው ዘንድ ስንቅ ይዞ የሄደ ዘመድ «ከእንግዲህ አታምጡ» ተብሎ ይመለስ ነበር።

«የላክኸው ሰው ምን ያውቃል?»

«‹ጓዶች ይምጡ› ብለህ ጥራ ከማለት በቀር ምንም አልነገርኩትም።»

«ደግ። እስኪመጡ ድረስ ከሦስታችን በቀር ማንም እንዳይሰማ። ለሠራተኞቹ ታመዋል በል።»

አስከሬኑን ጀልባ ማቆሚያው ውስጥ ሸፍነው አስቀመጡት። ሞልቱ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?» አለው አስረስ።

«ጌታዬ፣ ጀልባ አውጣልኝ አሉኝ፤ ዝናብ ነው አልኳቸው። ‹በገዛ ውሃዬ!› ብለው ጮሁ። የኔም አፍ አላርፍ ብሎ ‹ከስሩ ያለው የአባቴ ማሳ ነው!› አልኩ። ከዚያ ሳቁ። ‹እንግዲህ የሁለታችንም አይደለም› ብለው ሲጋራ ሰጡኝ።»

«ሲጋራውን ሲሰጡህ ማን አየ?»

«ማንም። ጩኸቱን ግን አገር ሰማው።» ሞልቱ ወደ ሀና ማርያም ዳገት ቀና ብሎ አየ። «ሚስቴ ገና አልሰማችም።»

አስረስ ወደ ውሃው ወረደ። ከመሻገሪያው አጠገብ ካለው ዳስ ስር፣ አግዳሚው ላይ የሟቹ ካፖርት ተቀምጧል። እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ገበሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ማዕዘኑን ጠብቆ ታጥፏል። ይህን አስተጣጠፍ የት ነው ያየው? ወደ ክፍሉ ተመለሰና ትናንት ታጥቦ የመጣለትን ጃኬት ከቁም ሳጥኑ አወጣ። ያው ነው።

እትዬ ፀሐይወርቅን ኮሪደሩ ላይ ፎጣ ተሸክማ አገኛት። ዐይኗ ቀልቷል። አረንጓዴው የነጠላዋ ጥለት አገጯ ስር ነበር።

«ደህና አደሩ እትዬ? አቶ ገብረ መድኅንን ትንሽ አሟቸዋል።»

«እግዜር ይማራቸው» አለች፣ ወለሉን እያየች።

«ማታ ውሃው ዳር ሲወርዱ አላዩአቸውም?»

«እራት በልተው ሲነሡ ነው ያየሁት፤ ከዚያማ ተኛሁ።»

«ከቤተ ዘመድ የመጣ ክፉ ወሬ አለ?»

«ኧረ ምንም። በዚህ ዝናብ ማን መጥቶ?»

አስረስ ነገሩ ገባው፤ የገባው ነገር ግን ደስ አላለውም።

ጓዶቹ ጠመንጃቸውን አንግተው ሲደርሱ ሁሉም ምግብ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አንደኛው ወዲያው የሞልቱን ክንድ ያዘ።

«አንዴ ቆይ» አለ አስረስ። «አቶ ገብረ መድኅን ሞተዋል። ብቻቸውንም አልነበሩም። ጠርዙን ይዘው እየታገሉ ያላወጣቸው ሰው አለ። ያ ሰው ካፖርታቸውን አጥፎ ሄዷል። ሞልቱ፣ እስቲ ይህን እጠፍልኝ።» ካፖርቱን ፈትቶ ወረወረለት። ሞልቱ እንደ ጆንያ ጠቀለለው። ደምሰው ቀጠለ፤ እሱም እጅጌውን አንጠልጥሎ ተወው። «እዚህ ቤት ውስጥ ገበሩን ወደ ውጭ የሚያጥፍ አንድ እጅ ብቻ ነው።»

«ትናንት አጥፌላቸው ይሆናላ!» አለች ፀሐይወርቅ።

«እራት ላይ ለብሰውት ነበር እትዬ። ሾርባውን ሲያቀርቡላቸው እኔም እርስዎም አይተነዋል። ይሁን፣ እሱንም ልተወው። ትናንት የነጠላዎ ጥለት ከታች ነበር። ዛሬ ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ይህ የሐዘን አለባበስ ነው። የግቢው በር ተዘግቶ ነው ያደረው፤ ከውጭ መርዶ አልመጣም፤ እርስዎም የለም ብለውኛል። እዚህ የሞተው አንድ ሰው ነው፤ መሞታቸውን የምናውቀውም ሦስት ሰዎች ነበርን። ለእርስዎ ማን አረዳዎት?»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድብ ነበር። ፀሐይወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሃያ ክረምት ጠበቅኋቸው» አለች። «ሰው ፊት ‹ፀሐይዬ› ብለው ስሜን እንኳ አቆላምጠው አያውቁም፤ ግን ይመጡ ነበር። ትናንት ‹ይህ የመጨረሻዬ ነው፤ በሞያሌ ከአገር ልወጣ ነው› አሉኝ። ‹እኔስ?› ብላቸው ‹አንቺማ ሥራ አለሽ› አሉኝ። በርዶኝ ካፖርታቸውን አልብሰውኝ እኮ ነው እንዲህ የሚሉኝ! ገፋኋቸው። ጠርዙን ይዘው እጃቸውን ዘረጉልኝ።» እጆቿን አየቻቸው። «አልያዝኳቸውም።»

ጓዱ የሞልቱን ክንድ ለቀቀ።

«ነጠላውን ባይዘቀዝቁት ኖሮ ይህን ያህል እርግጠኛ አልሆንም ነበር» አላት አስረስ ቀስ ብሎ።

«ጠዋት መስታወት ፊት ቆሜ ላስተካክለው አስቤ ነበር። አላስቻለኝም። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው። እኔ ካላዘንኩላቸው ማን ያዝንላቸዋል?»

ሲወስዷት አላለቀሰችም። ካፖርቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፣ እንደ ልማዷ አጠፈችና ለአስረስ ሰጠችው።

አመሻሹ ላይ አስረስ ባዶው ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ሞልቱ ሊሰናበተው መጣ።

«ና ተቀመጥ፤ አብረን እንብላ» አለው። ድምፁ ልመና እንደሆነ ራሱም ሰማው።

ሞልቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቂጡን አሳረፈና ወደ በሩ አየ። «ጌታዬ፣ ዛሬ ያደረጉልኝን እግዜር ይክፈልዎ። ግን ... ቤት ይጠብቁኛል።»

«ሂድ እንጂ ታዲያ! የሚጠብቅህ እያለ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ሞልቱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና ወጣ። አስረስ ዳገቱን ሲሮጥ በመስኮት ተከተለው፤ ዝናቡ ሲሸፍነው ዞሮ ሾርባውን ሳበ። ቀዝቅዞ ነበር።