ስድስተኛዋ ዶቃ

«አንቺ፣ በሽታ ልትፈጂን ነው እንዴ?» አለ የክፍል ጓደኛዋ ዝናው፣ ሸሚዙን አፍንጫው ድረስ ጎትቶ።

ተማሪው በሳቅ አውካካ። ሰሚሃም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ለሳይንስ ቀን ያዘጋጀችው ሁለት ሳህን ዓሣ ነው፤ አባቷ ጠዋት ከሐይቁ ያወጣው። አንደኛው እንዳለ ነው። ሁለተኛው ላይ ሎሚ ጨምቃበታለች፤ እሳት ሳይነካው የበሰለ ይመስል ነጭ ሆኗል። ሎሚው የፕሮቲኑን እጥፋት እንደሚፈታው፣ እጥፋቱ የተፈታ ፕሮቲን ደግሞ ሥራውን መሥራት እንደማይችል አሳምራ ጽፋ ለጥፋለች። ማን ያንብበው! ሁሉም አፍንጫውን ይዞ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ያልፋል።

ቀጣዩ ጠረጴዛ የእድላዊት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከሰሚሃ ጎን የማትጠፋው እድላዊት፣ መቶ አርባ ስድስት ዶቃ በቀጭን ሽቦ ሰክታ፣ ጠምዝዛና አጣጥፋ፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን የሄሞግሎቢንን አንድ ሰንሰለት ሠርታለች። እያንዳንዷ ዶቃ አንድ አሚኖ አሲድ ናት፤ ዓይነቷ በቀለሟ ይለያል። ዶቃው የተገዛው ከውጫሌ ገበያ ነው። ከመስኮቱ የገባው ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል። አዎ፣ ያምራል፤ ሰሚሃን ያንገበገባትም እሱው ነው።

ደግሞስ የዶቃው ሐሳብ የማን ሆነና? ከሁለት ሳምንት በፊት እድላዊት «ፕሮቲን የሚሉት ነገር ምኑም አልገባኝ፤ በቃ ተበላሁ» ብላ ልታለቅስ ስትል፣ የአባቷን የጸሎት መቁጠሪያ ዶቃ፣ ሙስበሃውን፣ ከግድግዳ አውርዳ ያስረዳቻት ሰሚሃ ናት።

«አብሽሪ፣ ይኸውልሽ። ዶቃዎቹን አሚኖ አሲድ ናቸው በያቸው። መጀመሪያ ተራ በተራ ይሰካሉ። ከዚያ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፣ ይታጠፋል። ፕሮቲኑ ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ነው፤ ቅርጹን የሚወስነው ደግሞ የዶቃዎቹ ተራ።»

ያን ቀን እድላዊት «ወይኔ፣ ገባኝ!» ብላ አቅፋት ነበር። ዛሬ ከሰዓት ግን ደሴ ላይ ለሚደረገው ውድድር አንድ ተማሪ ይመረጣል፤ አንድ ብቻ። የሁሉም ዓይን ደግሞ ዶቃው ላይ ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ፣ ክፍሉ ባዶ ሲሆን፣ ሰሚሃ ዓሣዋን ልትሸፍን ተመለሰች። ልትሸፍን ብቻ ነበር፤ እውነቷን ነው። እጇ ግን ወደ ሽቦው ጫፍ ሄደ። ቋጠሮውን ፈታች። አምስት ዶቃ አወጣች። ስድስተኛዋን ቀይ ዶቃ መዝዛ፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተረፉት አንዷን ቢጫ ተካችና አምስቱን በተራቸው መልሳ ቋጠረች። ያቺ ቦታ የዋዛ ቦታ እንዳልሆነች ከመጽሐፉ ታውቃለች። እዚያ ላይ ያለችው ቀይ አሚኖ አሲድ ብቻ በቢጫዋ ስትተካ ሄሞግሎቢኑ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ክቡ ቀይ የደም ሕዋስ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ሰውየው ይታመማል። ቀይዋን ዶቃ ኪሷ ከተተች። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ምሳዋን ግን ሳትነካው መልሳ ከደነችው።

ከሰዓት የባዮሎጂ መምህራቸው ሀምዳን ደብተራቸውን ይዘው መጡ። ዓሣውን አዩ፣ የሰሚሃን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበቡና «ጎበዝ» ብለው አለፉ። ጎበዝ ብቻ!

«እሺ እድላዊት፣ ንገሪን እስቲ።»

«ቲቸር፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል» አለች እድላዊት። «ሐሳቡ የኔ አይደለም። በአባቷ ሙስበሃ ያስረዳችኝ ሰሚሃ ናት። እዚህም ጽፌዋለሁ።»

ከሰንሰለቱ ሥር የተለጠፈች ትንሽ ወረቀት አሳየች። የሁለቱም ስም አለበት። ሰሚሃ ጠዋቱን ሙሉ ዶቃው ላይ አፍጥጣ ወረቀቷን አላየቻትም ነበር።

መምህሩ ጎንበስ ብለው ከጫፍ ጀምሮ መቁጠር ያዙ። ስድስት ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ እኮ የታመመ ሰው ሄሞግሎቢን ነው። አውቀሽ ነው ያደረግሽው?»

እድላዊት ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። «ቀይ ነበር... በእመብርሃን፣ ቀይ ነበር የሰካሁት! እንጃ፣ ተሳስቼ ይሆናል።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ ሲቸግራት እንደምታደርገው ወደ ጓደኛዋ ዞረች። «ሰሚ፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። እስቲ እይልኝ።»

ሰሚሃ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ምናልባት ደሴም የምትሄደው እሷ ትሆናለች። ኪሷ ውስጥ ጨብጣ የያዘቻት ዶቃ ሞቃለች።

ከመቀመጫዋ ተነሳች። በጠረጴዛዎቹ መካከል አልፋ፣ ዓሣ ዓሣ የሚሸት እጇን ከኪሷ አወጣችና በሁለቱ ፊት መዳፏን ዘረጋች።

«አልተሳሳተችም ቲቸር» አለች። «ቀይዋ እኔ ጋ ናት።»