ሙቀት የምትቆጥረው ትል

በረዶው ገደሉ አፋፍ ላይ ያዛቸው። ባለበቅሎው በአንድ እጁ ልጓሙን፣ በሌላው የሴትዮዋን ክንድ ይዞ ወደ ዋሻ ዘለቀ። ከኋላቸው መንገዱ በአንድ አፍታ ነጭ ሆነ።

«ቀኑ በከንቱ አለቀ! የወንድሜ ፖም አለቀለት በሉኝ!» አለ ባለበቅሎው።

በቅሎዋ ለወንድሙ አትክልት የተጫነችው ሁለት ጆንያ ክር ነው። ከባሕር ማዶ መጥታ አገሩን የወረረች የእሳት እራት አለች። ትሏ የብርዱን ወራት በፖም ዛፍ ቅርፊት ሥር ተጠቅልላ ታሳልፋለች፤ ሲሞቅ ክንፍ አውጥታ ትበራለች፣ እንቁላል ትጥላለች። የተፈለፈለው ትል ፍሬው ውስጥ ከገባ በኋላ ማንም አይደርስበትም። ወንድሙ አምና ምርቱን አጥቷል፤ ዘንድሮም ከደገመችው ዛፎቹን ቆርጦ አገር ሊለቅ ምሏል።

«ይህ ክር ምን ይሠራል ግን እትዬ?»

«በሴቷ ሽታ የተነከረ ነው። ወንዱ በየዛፉ ሴት ያለች ይመስለዋል፤ ሲንከራተት ዕድሜው ያልቃል።»

«ልክ እንደ ወንድሜ!»

ሴትዮዋ ከት ብለው ሳቁ። ሰፈሩ «ትል ቆጣሪዋ» እያለ ያሾፍባቸዋል፤ ባለበቅሎውም አብሮ ሲያሾፍ ኖሯል። ቴርሞሜትራቸውን አይተው ደብተራቸው ላይ ጻፉ።

«አትበሳጭ። ይህች ትል ቀን አትቆጥርም፤ ሙቀት ነው የምትቆጥረው። ሲበርድ ቆጠራዋን ታቆማለች። እኛን ያሰረ በረዶ እሷንም አስሯል።»

ባለበቅሎው አንገቱን አስግጎ ደብተሩን አየ።

በማግስቱ ፀሐይዋ ድንጋዩን ማጋል ጀመረች። «አሁን ነው መሮጥ!» አሉና ሴትዮዋ ከፊት ቀደሙ። ቁልቁለቱን ወርደው ጥቅጥቅ ያለው ጫካ ውስጥ ሲገቡ ነብር ከቅርንጫፍ ላይ ተወረወረ። በቅሎዋ ጮኻ ቆመች፤ ባለበቅሎው ልጓሙ ላይ ተንጠለጠለ። ሴትዮዋ ግን አልሸሹም። የቆርቆሮ ሣጥናቸውን በድንጋይ እየቀጠቀጡ፣ እየጮኹ፣ ነብሩ ላይ ሄዱበት። ነብሩ እንዲህ ያለ ሰው አይቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ዞሮ ጠፋ። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ቴርሞሜትር ግን ደቅቆ ነበር።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ለፖም ገበሬዎች የትል መርዝ የሚሸጥ ነጋዴ ብቸኛውን ታንኳ በመርዝ ጣሳ ሞልቶ ጠበቃቸው። የታተመ የቀን መቁጠሪያ አወጣ።

«እራቷ ልትወጣ አሥራ ሁለት ቀን ይቀራታል፤ እዚሁ ተጽፏል። ምን አስሮጣችሁ? ነገ አሻግራችኋለሁ።»

ቀድሟቸው ሄዶ መርዙን ሊሸጥ መሆኑ ገብቷቸዋል። ግን ምን ይበሉ? መለኪያቸው ተሰብሯል። ሴትዮዋ የደቀቀውን ቴርሞሜትር ከሣጥኑ አውጥተው አገላበጡት።

በዚህ መሐል በቅሎዋ በጭራዋ ጎኗን መታች። ሰማያዊ ዝንብ ነድፏት ነበር።

«ይህ ዝንብ ሁልጊዜ አለ?» አሉ ሴትዮዋ።

«ኧረ የለም! ሙቀቱ ሲበረታ ነው የሚወጣ። አምና በወጣ ማግስት ነው ወንድሜ የመጀመሪያዋን እራት...» ባለበቅሎው ንግግሩን ሳይጨርስ ደነገጠ። «ማግስት! እትዬ፣ ነገ ማለት እኮ ነው!»

«መለኪያስ ያለው አንተ ጋ ነው!»

ባለበቅሎው ጆንያዎቹን በበቅሎዋ አንገት ላይ ከፍ አድርጎ አሰረ፤ ሴትዮዋን አዝሎ፣ በቅሎዋን እየሳበ ወንዙ ውስጥ ገባ። ውሃው ደረቱን፣ ከዚያ አገጩን ነካ። እግሩን ሁለቴ አዳለጠው። «በል፣ በል ጀግናዬ!» ይሉታል ከጀርባው። ማዶ ሲወጣ ተንበርክኮ ውሃ ተፋ፤ ወዲያው ተነሥቶ ሮጠ።

በማግስቱ ማለዳ ከወንድሙ ጋር በአትክልቱ ውስጥ የፖሙን ቅርፊት ላጡ። ከተከፈተው ቤቷ አንዲት እራት እየተንፏቀቀች ወጣች።

«አመለጠችን!» አለ ወንድሙ።

ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አዩ። «ክንፏ እርጥብ ነው፤ ገና አልበረረችም። ያውም የመጀመሪያዋ ናት።»

ሦስቱም ክር ታቅፈው ዛፍ ላይ ወጡ። ፀሐይ ስትጠልቅ ባዶ የቀረ ዛፍ አልነበረም።

ፖሙ ሲደርስ ባለበቅሎው ሊጭን መጣ። ወንድሙ አንዱን ገምጦ ነጭ ሥጋውን አሳየው፤ ቀዳዳ የሚባል የለውም።

«ለከርሞው ክሩን መቼ ታመጣልኛለህ? ቀኑን ቁረጥልኝ።»

ባለበቅሎው ሴትዮዋ የሰጡትን አዲስ ቴርሞሜትር በደረት ኪሱ ውስጥ ዳበሰ።

«ቀን አልቆርጥልህም» አለ። «ሲሞቃት እመጣለሁ።»