ወደ ቤቱ የተመለሰው ጠርሙስ

አስፋው ግራና ወንዝ ዳር ባለችው ቤቱ ሞቶ ሲገኝ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ የተምች መድኃኒት ጠርሙስ አጠገቡ ወድቋል። ከመርሳ ከተማ የተጠራችው ኢንስፔክተር የሺ ራሱን አጠፋ ብላ ልትደመድም ስትል ሚስቱ ወይዘሮ ሙሉ አላስጨረሰቻትም።

«መርዙ እኮ ቤታችን አልነበረም፤ እሱም ከቤት ካልወጣ ሰንብቷል! ይቺ መካሪ ነኝ ባይ፣ ልጆች እንዳያገኙት ብላ ዓይኔ እያየ ይዛው ወጥታለች። ልጆቼን ይዤ እናቴን ልጠይቅ ወልድያ ብሄድ ሬሳ ጠበቀኝ። አምጥቶ የሰጠው ሰው አለ!»

የተጠቆመችው ማህሌት ናት፤ ሶሻል ወርክ ተመርቃ በምክር አገልግሎት ከተቀጠረች ዓመት አልሞላትም። መንደሩ «ወሬ ለማውራት ዲግሪ ያስፈልጋል?» እያለ ሲያሾፍባት ከርሟል። ዛሬ ግን ቀልዱ ቀርቶ ድንጋይ ሊያነሳባት ደርሷል።

«ጠርሙሱን የት አደረስሽው?» አለቻት የሺ።

«ለአስፋው ታላቅ ወንድም ለጋሽ ሞላ ሰጠሁ። ሳጥን ውስጥ እንዲቆልፉበት።»

«አልነካሁትም» አለ ሞላ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ወንድማማቾቹ በድንበር ተካሰው ያውቃሉና የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ሞላ ዞረ። ድንበር ያካሰሰው ሁሉ ገዳይ ቢሆን ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ሰው ባልተረፈ ነበር። የሺ ወደ ማሽላው ማሳ ወረደች። በአስፋው ማሳ ተምቹ ረግፏል፤ ከድንበሩ ማዶ የሞላን ማሽላ ግን አሁንም ይበላዋል።

ስትመለስ ሙሉን፣ ማህሌትንና ሞላን የለቅሶው ድንኳን ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«አስፋው ከቤት ካልወጣ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ማሳውን የረጨው ሌላ ሰው ነው። መድኃኒቱ ያለው እርስዎ ጋ ነው፣ ጋሽ ሞላ። ሊገድሉት ቢያስቡ የራስዎን ማሽላ ለተምች ትተው የእሱን ባላዳኑ። ረጭተው ሲጨርሱ የተረፈውን ለራሱ ለአስፋው መለሱለት። በሩን ቀርቅሮ የጠጣው እሱ ራሱ ነው።»

ሞላ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። «የሰው ዕቃ ነው ብዬ! ልጆች እንዳያገኙት አለችኝ፤ ልጆቹ ደግሞ ወልድያ ናቸው። ምን ክፉ አለው አልኩ።»

የሺ ወደ ማህሌት ዞረች። «እውነተኛውን ምክንያት ለምን ደበቅሻቸው?»

«አስፋው መሞት እንደሚፈልግ ነገረኝ። መርዙን ከቤት ማራቅ ተምሬያለሁ፤ አራቅሁ። ምስጢር መጠበቅም ተምሬያለሁ።»

«ነፍስ የሚጠፋ ከሆነስ?»

«ያኔ ለቤተሰብ ይነገራል። እሱንም ተምሬያለሁ፤ ፈተና ላይ መጥቶ በትክክል መልሼዋለሁ። ግን ‹ለወንድሜ አትንገሪብኝ› ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። ትልቅ ሰው እግርሽ ላይ ሲወድቅ ምን ትያለሽ? አንጀቴ አልቻለም።»

ሞላ ሁለት እጁን አጣምሮ ዘረጋ። «እሰሩኝ።»

«በምን ልሰርዎት፣ ጋሽ ሞላ?»

ሙሉ ሦስቱንም በየተራ አየች። ለቅሶዋ እንኳ ጠፍቶባታል።

«ታዲያ እኔ ማንን ልርገም?» አለች። «ይንገሩኝ እንጂ፣ ኢንስፔክተር! ሁሉን አውቀው የለ?»